የመኪና በር መቃን ጽዳት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ጉዳይ ስሙ ሲጠራ ትንሽ ነገር ይመስላል። ይኸውም ስለ መኪና በር መቃን ጽዳት ነው። ነገር ግን በየቀኑ በመንግሥት መኪና ወደ ገጠር የሚመላለስ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ነገሩን አንድ ጊዜ ከልቡ ቢመለከተው፣ ከጽዳቱ ጋራ የሰው ደኅንነትና የሕዝብ ገንዘብ አብረው የተያያዙ መሆናቸውን ሊገነዘብ ይችላል።

መቃን ማለት በቤት ሥራ እንደምናውቀው በሩ ሲዘጋ ገጥሞ የሚያርፍበት ግራና ቀኝ የቆመው ክፍል ነው። በመኪናም ቢሆን ነገሩ እንደዚሁ ነው። በጋራዥ ያሉ ባለሙያዎች ከጣልያንኛ በወረሱት ቃል ስፖርቴሎ የሚሉት በር ተከፍቶ ሳለ ብቻ የሚታየው፣ ሲዘጋ ግን የሚሸፈነው የብረት አካል ሁሉ መቃን ነው። በፊትና በኋላ በኩል የቆሙት ምሰሶዎች፣ ከእግር በታች ያለው መድረክ፣ ከላይ ያለው ጉበን፣ እንደዚሁም የበሩ የራሱ ከንፈር በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። ማጠፊያው፣ መቆለፊያው፣ ዙሪያውን የሚከበው የጎማ ጥብቆና ወደ በሩ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ሽቦም የሚገኙት በዚሁ ስፍራ ነው።

መኪና በሚታጠብበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ በሮቹ ሁሉ ይዘጋሉ። ውሃው ከላይ ይፈስሳል፤ ሳሙናው ይቀባል፤ ኮፈኑና ጣራው፣ መስተዋቱና ጎማው ይታሻል። ወዲያው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ መጥቶ፣ «ወንድሜ፣ መኪናው ታጥቧል ወይ?» ብሎ ሾፌሩን ይጠይቃል። ሾፌሩም፣ «አዎን ጌታዬ፣ ታጥቧል» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነተኞች ናቸው። ዳሩ ግን ጠያቂው የጠየቀው፣ መላሹም የመለሰው ስለ ውጩ ብቻ ነውና ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው ሆኖ ይቀራል። በሩ ሲከፈት ለበዓል ነጭ ነጠላ የለበሰች እናት እግሯን ስታነሣ የልብሷ ጫፍ ከጥቁሩ ጭቃና ከግሪሱ ጋራ ይገናኛል። የሱሪ እግር፣ የካፖርት ጠርዝ፣ የጋቢ ዘርፍ ሁሉ በዚህ ስፍራ ይቆሽሻል። ይህ ከጉዳቶቹ ሁሉ ትንሹ ነው፤ ትልልቆቹን ወደ ኋላ እመለስባቸዋለሁ።

ይህን ጉዳይ በምሳሌ ለማስረዳት ከአገራችን ክፍሎች አንዱን መርጫለሁ። እርሱም በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር ነው። በዚህ አገር የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ነፋስ መውጫ፣ የታች ጋይንት አርብ ገበያ፣ የስማዳ ወገዳ፣ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው የጉና ተራራ ከላይ ሆኖ ይህን አገር ይመለከታል። ከታች ደግሞ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች እንደ ግድግዳ ተቆርጠው ይታያሉ። እንግዲህ አንድ የግብርና ወይም የጤና ባለሙያ በአንድ ቀን ጉዞ ብቻ ከውርጭ አገር ተነሥቶ ቆላ ወርዶ፣ በመሸም ጊዜ ወደ ደጋው ሊመለስ ይችላል። በዚያም መካከል መኪናው የአገሩን አፈር በየዓይነቱ ይቀምሳል።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ በኩል አልፎ ወደ ጋሸና፣ ከዚያም ወደ ወልዲያ የሚዘልቀው ዋና መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. በቻይናውያን ርዳታ የተሠራ ሲሆን፣ ሕዝቡም የቻይና መንገድ ይለው ነበር። ዛሬ ይህ መንገድ አስፋልት ለብሷል። ይሁን እንጂ የመንግሥት ሠራተኛ ሥራው ያለው በአስፋልቱ ዳር ብቻ አይደለም። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲያቀና የሚጠብቀው ጠጠርና አፈር ነው። በበጋ ከጎማው ሥር የሚነሣው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። በክረምት ደግሞ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር እንደ ሊጥ እየተለጠፈ ከመኪናው ሆድ እስከ በሩ ወገብ ድረስ ይወጣል።

በዚህ አገር የመንኮራኩር ታሪክ ከሞተር መኪና ይቀድማል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ጋፋት ላይ የተሠራውንና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በሠረገላ አስይዘው፣ በጋይንት በኩል ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ አቅንተው ነበር። ሠራዊታቸው ዓለት እየፈነቀለ፣ ገደል እየደለደለ መንገዱን እያወጣ ሄደ፤ እርሳቸውም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ በመጋቢት ነው። ያን ጊዜ አንድ ሠረገላ በዚህ አገር ለማለፍ የጠየቀው ዋጋ የሺህ ሰው ጉልበት ነበረ። ዛሬ በሰዓታት የምናልፈው መሆኑን ስናስብ፣ የሚያሳልፈንን መሣሪያ በእንክብካቤ መያዝ የሚገባ ነገር ነው።

ወደ አገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. በዐፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት መኪናዎች አብዛኞቹ ክፍት እንደ ሠረገላ ስለ ነበሩ የመቃን ጉዳይ እምብዛም አያሳስብም ነበር። ከ1910ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን በዓለም ላይ ዙሪያቸውን በብረትና በመስተዋት የተዘጉ መኪናዎች እየበዙ ሄዱ። ሰውም ከፀሐይና ከዝናብ፣ ከነፋስና ከአቧራ ተጠለለ። ነገር ግን ከሰው ላይ የተመለሰው አቧራ ሁሉ አንድ ማረፊያ ይፈልጋልና ማረፊያውን በበሩና በመቃኑ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ውስጥ አገኘ።

አሁን ቆሻሻው በምን መንገድ እንደሚገባ እንመልከት። በሩ ሲዘጋ በበሩ ጠርዝና በአካሉ መካከል የጣት ውፍረት የማይሞላ ክፍተት ይታያል። ውሃና አቧራ ወደ ሰው እንዳይደርስ የሚከለክለው የጎማ ጥብቆ ያለው በዚህ ክፍተት አፍ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ስለዚህ ከክፍተቱ እስከ ጥብቆው ድረስ ያለው ስፍራ፣ ምንም እንኳ በሩ ቢዘጋ፣ በእውነቱ ከደጅ የሚቆጠር ነው። የፊት ጎማ የሚረጨው ጭቃ በማጠፊያው በኩል ይገባል፤ ከኋላ የሚነሣው አቧራ ደግሞ በኋላኛው በርና በዕቃ መጫኛው በር ዙሪያ ይሰበሰባል። መኪና በፍጥነት ሲሄድ ከኋላው ያለው አየር ስለሚሳሳ አቧራውን እንደ ወናፍ ወደ ራሱ ይስባል። የኋላ በሮች ከፊቶቹ ይልቅ አቧራ የሚበዛባቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ማጠፊያው ላይ ያለው ግሪስ ደግሞ አቧራውን እንደ ማር ይይዘዋል። ግሪስና አቧራ ሲቀላቀሉ ጥቁር ቅባት ይወጣል። የጉና ዙሪያ አገር ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ ላይ የተመሠረተ ስለ ሆነ አቧራው ውስጥ ደቃቅ የድንጋይ ብናኝ አለ። ይህ ብናኝ ከግሪስ ጋራ ሲዋሐድ የማጠፊያውን ወስፌ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በሩም እየዋለ ሲያድር ወደ ታች ይንጋደዳል፤ ሲዘጋም ተነሥቶ ካልተገፋ አልገጥም ይላል።

ከዚህ የሚመጡት ጉዳቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው ዝገት ነው። ብረት እንዲዝግ የሚያስፈልገው እርጥበትና አየር ነው። በመቃን ጥግ የተጠቀጠቀ አፈር እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሜዳው ደርቆ ሳለ እርሱ አይደርቅም። በአውሮፓና በካናዳ በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚረጭ መኪናዎች በዚሁ ስፍራ ፈጥነው ይዝጋሉ። በእኛ አገር ጨው ባይረጭም፣ ጭቃው ለወራት ሳይነካ ከተቀመጠ ሥራውን ቀስ ብሎ ይሠራል። ደግሞም እያንዳንዱ በር በታችኛው ከንፈሩ ላይ የዝናብ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። በመስተዋቱ ጎን እየተንጠባጠበ ወደ በሩ ሆድ የሚገባው ውሃ መውጫው እነዚያ ቀዳዳዎች ናቸው። ጭቃ ከደፈናቸው ውሃው በበሩ ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። ብረቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ስፍራ የሚወስድ ነገር ስለ ሆነ ቀለሙን እንደ እባጭ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከውጭ እባጩ በታየ ጊዜ ውስጡ ቀድሞ ተጎድቷልና ከዚያ በኋላ የሚያድነው ሳሙና ሳይሆን ባትላሜራው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የመቆለፊያው ነው፤ የሰው ሕይወት የሚነካውም ይህ ነው። የመኪና በር መቆለፊያ ሁለት እርከን አለው። በመጀመሪያው እርከን በሩ የተዘጋ ይመስላል፤ ሆኖም ሙሉ በሙሉ አልተያዘም። በሁለተኛው እርከን ነው በመቃኑ ላይ ያለውን የብረት መንጠቆ አጥብቆ የሚጨብጠው። በመቆለፊያው አፍ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ወይም የረጋ ቅባት ካለ ሁለተኛው እርከን ላይ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ከደጋው ወደ በሽሎ ወይም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ሲይዝ፣ በመታጠፊያ ላይ በበሩ በኩል የተቀመጠው ሰው ክብደቱን በሩ ላይ ይጥላል። ከዚያ ወዲያ የሚሆነውን ለመናገር አያስፈልግም።

አንድ ምጥ የያዛት እናት ከገጠር ቀበሌ ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል በአምቡላንስ የምትወሰድ መሆኗን እናስብ። የአምቡላንሱ የኋላ በር በመንገድ ላይ ቢከፈት፣ ወይም ከደረሱ በኋላ አልከፈት ቢል፣ ወይም ጥብቆው ተበልቶ የመንገዱ አቧራ ሁሉ በታማሚዋና በሕፃኑ ላይ ቢነዛ፣ ጥፋቱ የሚመነጨው በጨርቅና በአንድ ባልዲ ውሃ ሊወገድ ይችል ከነበረ ትንሽ ነገር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለእንዲህ ያለው ነው።

ሦስተኛው ጉዳት የጎማው ጥብቆ ነው። ጥብቆው በአሸዋማ አቧራ ሲታሽ ይላጫል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። በነፋስ መውጫና በጉና ሥር ባሉት ደጋ ስፍራዎች ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር ድረስ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ማታ በውሃ ርሶ የተዘጋ በር ጧት ጥብቆው ከብረቱ ጋራ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። በኃይል ሲጎተት ጎማው ይቀደዳል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር በር ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ሳይደርቅ አለመዝጋትም ይገባል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ሁለት ባልዲ፣ ሦስት ወይም አራት ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ አንድ ለስላሳ የቀለም ቡሩሽ፣ አንድ አሮጌ የጥርስ ቡሩሽ፣ ጥቂት ፈሳሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና፣ ጥቂት ግሪስና ከመድኃኒት ቤት የሚገኝ ግሊሰሪን ናቸው። የቀለም ቡሩሹ አንገት ላይ ያለው ብረት ቀለሙን እንዳይፍቀው በፕላስተር ወይም በጨርቅ ይጠቅለል። ጠንካራው የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሳሙና ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ በደንብ ሳይሟሟ የቀረው ደቃቅ በቀለሙ ላይ ይፍቃል፣ የሰም ልባሱንም ያነሣል። የሳሙና ጥቅም ቆሻሻውን ማቃጠል ሳይሆን ማለስለስና ከስፍራው አንሥቶ ለውሃው ማስረከብ ነው። እናቶቻችን ነጭ ልብስ በእንዶድ አረፋ ሲያነጹ የኖሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

መጀመሪያ መኪናው ጥላ ውስጥ ይቁምና ብረቱ ይቀዝቅዝ፤ በፀሐይ ግለት ላይ ሳሙና ወዲያው እየደረቀ ጥለት ይተዋልና። ቀጥሎም በሮቹ ሁሉ ይከፈቱ። የውስጡ መብራት ባትሪውን እንዳይጨርስ ማጥፊያው ይዞር። ከዚያም ውሃ ከመንካቱ በፊት ደረቁ አፈር በቡሩሽ ይራገፍ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በደረቅ አቧራ ላይ ውሃ ቢፈስስ አቧራው ወዲያው ጭቃ ሆኖ ወደ መጋጠሚያውና ወደ ቀዳዳው ይገባል። ደረቁን ቀድሞ ያራገፈ ሰው የሥራውን እኩሌታ ጨርሷል ማለት ነው። የጠጠረ ጭቃ ካለ ግን በስለት አይፋቅ፤ እርጥብ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ተለጥፎበት ይቆይና ሲርስ ይነሣ።

ደረቁ ከተራገፈ በኋላ በሮቹ ይዘጉና የመኪናው ውጭ ይታጠብ። ከውጭ የሚወርደው ውሃ ወደ ክፍተቱ መግባቱ ስለማይቀር መቃኑን አስቀድሞ ማጠብ ሥራን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ውጩ ሲያልቅ አንድ አንድ በር እየተከፈተ የመቃኑ ተራ ይደርሳል።

በአንዱ ባልዲ የሳሙና ውሃ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ይኑር። ጨርቁ በሳሙናው ይነከርና እስኪበቃው ይጨመቅ። ከላይ ከጉበኑ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ መጀመሪያ ንጹሑ፣ ኋላ ቆሻሻው ማለት ነው። ማጠፊያውና መድረኩ የመጨረሻ ይሁኑ፤ የእነርሱም ጨርቅ ለብቻው ይለይ። በማጠፊያ ላይ የዋለ ጨርቅ ወደ ውጩ ቀለም ቢመለስ አሸዋና ግሪስ ይዞ ይሄዳልና መስመር መስመር እያደረገ ይቧጭረዋል። ጥጋጥጉ በጥርስ ቡሩሽ በቀስታ ይታሽ። በስተመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ተነክሮ በተጨመቀ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ይጠረግ፤ ወዲያውም ይድረቅ። ለአራት በር ሁለት ባልዲ ውሃና ግማሽ ሰዓት ያህል ጊዜ ይበቃል።

በላቫጆ በኃይል የሚረጨውን የውሃ ቱቦ ወደ ተከፈተ በር ማነጣጠር የተከለከለ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በምሰሶው ሥር የመቀመጫ ቀበቶው መጠቅለያ አለ፤ በበሩና በምሰሶው መካከል በጎማ ቱቦ የተሸፈነ የሽቦ ጥቅል ያልፋል፤ በብዙ መኪናዎች ከመቀመጫውና ከምንጣፉ ሥርም የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ። ውሃ ወደነዚህ ከገባ ጉዳቱ ዛሬ ላይታይ ይችላል፤ ከወር በኋላ ግን መስተዋቱ አልወርድ፣ መቆለፊያው አልታዘዝ ይላል። በኤሌክትሪክ በሚሄዱት አዲሶች መኪናዎችም ቢሆን ይህ ጥንቃቄ አይለወጥም።

በማጠፊያው ላይ የረጋው ጥቁር ቅባት በሳሙና ካልለቀቀ፣ ጥቂት ነጭ ጋዝ በጨርቅ ጫፍ ተነክሮ በብረቱ ላይ ብቻ ይታሽበት፤ ወዲያውም በሳሙና ውሃ ይጠረግ። ነገር ግን ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝ የጎማውን ጥብቆ ፈጽሞ ሊነካው አይገባም። አንዳንድ ሰዎች ጥብቆው እንዲጠቁርና እንዲያበራ በናፍጣ ይወለውሉታል። ለአንድ ቀን ያምራል፤ ናፍጣው ግን ጎማውን እያሳበጠና እያላላ ያበላሸዋል። ለጎማ የሚስማማው ከሳሙናና ከውሃ በኋላ በስሱ የሚቀባ ግሊሰሪን ወይም ለዚሁ የተዘጋጀ የሲሊኮን ቅባት ነው። ይህ ከውርጭ ቀን መጣበቅም ይከላከላል።

የበሩ የታችኛው ከንፈር ቀዳዳዎች በስንደዶ ወይም በሳሳ እንጨት ይከፈቱ፤ ምስማር ግን ቀለሙን ስለሚፍቅ አይግባ። ከዚያ ጥቂት ውሃ በመስተዋቱ ጎን ቢፈስስ ከታች ሲንጠባጠብ መታየት አለበት። ማጠፊያውና መቆለፊያው ከደረቁ በኋላ ጥቂት ግሪስ ይቀቡ፤ የተረፈው ይጠረግ፤ ብዙ ግሪስ ብዙ አቧራ ይጠራልና። በሮቹም በደንብ እስኪደርቁ ጥቂት ጊዜ ክፍት ሆነው ይቆዩ።

ጥብቆው ሥራውን መሥራቱን ለመመርመር ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ቁራጭ ወረቀት በበሩና በመቃኑ መካከል ተደርጎ በሩ ይዘጋ። ወረቀቱ ሲጎተት አጥብቆ ከተያዘ ጥብቆው ደኅና ነው፤ ያለ ችግር ሸርተት ብሎ ከወጣ ግን በዚያ ስፍራ አቧራና ውሃ ይገባል ማለት ነው። መቆለፊያውም በሩ ቀስ ተብሎ ሲዘጋ ሁለት ጊዜ ቀጭ ማለቱን በጆሮ በማዳመጥ ይመረመራል።

መቃን ሲጸዳ ሌላም ጥቅም ይገኛል፤ ይኸውም ጽሑፉ መነበቡ ነው። በብዙ መኪናዎች በሾፌሩ በር መቃን ላይ የጎማው ነፋስ ልክ፣ የሚፈቀደው የጭነት ክብደትና የሻንሲው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ወይም ሰሌዳ ተለጥፎ ይገኛል። በኋላ በሮች ከንፈር ላይ ደግሞ ሕፃናት በሩን ከውስጥ እንዳይከፍቱት የሚያደርግ ትንሽ ማጠፊያ አለ። ጽሑፉ በጠንካራ ቡሩሽ እንዳይፋቅ መጠንቀቅ ይገባል። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ንብረት ሲቆጥር፣ ሾፌርም ጎማ ሲያስነፋ ይህን ጽሑፍ ማየት ይፈልጋል።

እንደዚሁም ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መቃኑን ይመልከት። የውጭ ቀለም በአንድ ቀን ሊታደስ ይችላል፤ መቃን ግን ምስክርነቱን አይደብቅም። የመቃኑ ቀለም ከውጩ ከተለየ፣ የቀለም ጤዛ በጎማው ጥብቆ ላይ ከታየ፣ የማጠፊያው ብሎኖች ጭንቅላት ቀለማቸው ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ በሩ ወይም አካሉ ተፈትቶ እንደ ነበር ያመለክታል። ከጥብቆው ሥር የረጋ ደለል ከተገኘም መኪናው በጎርፍ ውስጥ አልፎ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉትን መኪናዎች ዕድሜ ማራዘም ከምንጊዜውም ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ስለ ውሃውም አንድ ነገር ልጨምር። መኪናን ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ በብዙ ስፍራ የተለመደ ነው። ነገር ግን ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሐይቅ ይፈስሳሉ፤ በየመንገዳቸውም ሰውና ከብት ይጠጣቸዋል። የመኪናው ግሪስና ናፍጣ ወደዚያ ውሃ ሲገባ፣ እኛ ያጸዳነውን ቆሻሻ ከታች ያለችው እናት በእንስራዋ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች። ስለዚህ ውሃው በባልዲ ተቀድቶ ከወንዙ ራቅ ባለ ስፍራ ይታጠብ።

ይህን ሥራ በስንት ጊዜ መሥራት ይገባል ለሚል ጠያቂ መልሱ አጭር ነው። ከእያንዳንዱ የገጠር ጉዞ በኋላ ደረቁን አፈር በቡሩሽ ማራገፍ፤ በወር አንድ ጊዜ በሳሙና ማጠብ፤ በግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፣ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መክፈት፤ በመስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የክረምቱን ጭቃ ከሥሩ ማስወገድና ቀለሙ የተላጠ ስፍራ ካለ አድርቆ፣ በአሸዋ ወረቀት ፍቆ፣ የመከላከያ ቀለም መቀባት ነው። በጉዞ ላይም በአቧራማ መንገድ ከፊት ሌላ መኪና ከሌለ፣ መስተዋቶቹን ዘግቶ የንጹሕ አየር ማራገቢያውን መክፈት ይረዳል። ከውስጥ የሚገፋው አየር አቧራውን ከጥብቆው ላይ ይመልሰዋልና።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ የሾፌሩ ሥራ ብቻ ነው ብሎ መተው አይገባም። ሾፌሩ ሌሊት ከመስክ ገብቶ ጧት እንደገና እንዲነሣ የሚታዘዝ ከሆነ መቃን የሚያጸዳበት ጊዜ ከየት ያገኛል? ኃላፊው በጉዞ መርሐ ግብሩ ውስጥ ለመኪናው ግማሽ ሰዓት ይመድብ፤ የንብረት ክፍሉም ሳሙናውን፣ ጨርቁንና ግሪሱን ሳያጓትት ይስጥ። በመኪናው የሚጓዘው ሠራተኛም ከመግባቱ በፊት ጫማውን ያራግፍ፤ በሩንም በኃይል ሳይሆን በልክ ይዝጋ። ኃላፊው ሾፌሩን፣ «መኪናው ታጥቧል ወይ?» ብሎ ከመጠየቁ ጋራ በሩን ከፍቶ መቃኑን በዓይኑ ቢያይ፣ ለሾፌሩም ማበረታቻ፣ ለመንግሥት ንብረትም ጠባቂ ይሆናል።

የሕዝብ መኪና የተገዛው በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተራሮች ላይ ከሚያርሰው ገበሬ ጭምር በተሰበሰበ ግብር ነው። ያ ገበሬ በመኪናው የሚመጣለትን የዘር ምክር፣ የክትባት መድኃኒት፣ የታመመውን የሚያደርስለትን አምቡላንስ ይጠብቃል። መቃኑን በጨርቅ ያበሰ እጅ ለዚያ ገበሬ የሚገባውን አገልግሎት አንድ ዓመትም ሆነ ሁለት ዓመት አስረዝሞለታል።